መመለሻው የጎደለ ተውኔት

የኔ ተውኔት ሁሉ አንድ ነው ብለው የሚያሙኝ አሉ። እውነታቸውን ነው። ጀግናዬ ይጠራል፣ መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ኋላ እያመነታ ይሄዳል፣ መንገድ ላይ ይፈተናል፣ ሞት አፋፍ ላይ ይደርስና አንድ ነገር ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንዴ ገበሬ፣ አንዴ ወዛደር፣ አንዴ የወንጂ አገዳ ቆራጭ አደርገዋለሁ፤ ስሙና ልብሱ ይቀየራል እንጂ መንገዱ ያው ነው። መንገዱን ደግሞ እኔ አልፈጠርኩትም። በየቤቱ የሚወራው ተረት ሁሉ በዚያው ነው የሚሄደው። ሰው የሄደ ሲመለስለት ደስ ይለዋል፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

የሺዓለም እባላለሁ። በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ አማርኛ አስተምር ነበር። በዓል በመጣ ቁጥር ተማሪዎቼን ግጥም ሳስጠና ስለታየሁ ቀበሌያችን የኪነት ቡድን ሲያቋቁም ተውኔት ጸሐፊው አደረጉኝ። ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ያኔ ሰው ሲሾምም ሲታሰርም አይጠየቅም ነበር።

አለቃዬ ጓድ አብተው ነበር፣ የቀበሌው የቅስቀሳ ኃላፊ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ፈሪ ሥልጣን ሲይዝ ግን ከክፉ አይሻልም። በሰባ ዓመተ ምሕረት ክረምት ላይ ቢሮው ጠራኝና፣ መስከረም ሁለት ለአብዮት በዓል የምናቀርበው ተውኔት ስለራሳችን ቀበሌ ጀግና ይሆናል አለኝ። የክብር እንግዳው ሻለቃ ወዬሳ የሚባሉ ከጦሩ የሚመጡ መኮንን ናቸው። ጀግናው ደግሞ ሟቹ ኢተፋ ነው።

ኢተፋን ናዝሬት ውስጥ የማያውቀው አልነበረም። ባለጋሪ ነው። ከገበያው እስከ ባቡር ጣቢያው እየተመላለሰ ሰው ያደርሳል። ፈረሱን ቦራን አይገርፈውም፤ በኦሮምኛ ያባብለዋል፣ ይለምነዋል። ቦራም እንደ ማንኛውም ተለማኝ ይኮራል። ስለዚህ የኢተፋ ጋሪ ከሰው ሁሉ ኋላ ነው የሚደርሰው፣ ባቡር የሚያመልጠው ሰው አይሳፈርበትም። በስልሳ ዘጠኝ የሚሊሺያው ኮታ ጎደለ ተባለና አብዮት ጥበቃዎች ከጋሪው ላይ አውርደው ወሰዱት። ቦራ ባዶ ጋሪውን እየጎተተ ብቻውን ቤት ደረሰ። እናቱ አዴ ቡዜ በራቸው ላይ ቆመው ፈረሱን ሲያዩ፣ ልጃቸው ምን እንዳገኘው ማንም ሳይነግራቸው ዐወቁ።

በዓመቱ መጋቢት ላይ፣ ኢተፋ ከጅጅጋ ወዲያ ወደቀ ተባለ። መርዶ ነጋሪዎቹ ገና ሳይነጋ በሩን አንኳኩ። ድንኳን ተተከለ፣ እስላም ክርስቲያኑ መጥቶ አለቀሰ፣ ከአርሲ ደራ የአዴ ቡዜ ዘመዶች መጡ። እኔም ከልቤ ነው ያለቀስኩት። ስንት ጊዜ አድርሶኛል፣ ስንት ጊዜ ከክፍል አስረፍዶኛል።

እንግዲህ ይህን ልጅ ነው በመድረክ ጀግና አድርጊው የተባልኩት። ጻፍኩ። አብተው አነበበና ሰረዘ። እምቢታው ይውጣ አለ፤ የኛ ጀግና ሲጠራ እምቢ አይልም፣ ጋሪውን በገዛ ፈቃዱ ጥሎ ይዘምታል። ፈረሱን የሚያባብልበትም ይውጣ፣ ጀግና አይለምንም። መጨረሻው ላይ ባንዲራ ታቅፎ ይሙት፣ ሲሞት ሻለቃውና ሕዝቡ ተነስተው የኅሊና ጸሎት ያድርጉ፣ መጋረጃው ይዘጋ። መመለሻስ አልኩት። የሞተ ሰው አይመለስም፣ የሚቀረው መፈክር ነው አለኝ።

የኢተፋን ቦታ የያዘው ሱሌማን ነበር፣ የጋራዥ መካኒክ። ሱሌማን መሞት ይወዳል። እኔ አንድ ጥይት ነው የጻፍኩለት፤ እሱ ግን ይወድቃል፣ በክንዱ ተደግፎ ይነሳል፣ ይናገራል፣ ደግሞ ይወድቃል፣ ሞተ ስንል አንድ ያልተናገረው ትዝ ይለዋል። አብተው ይህን ሞት እያየ ዕንባውን ይጠርግ ነበር። እኔ ደግሞ ወንበሬ ላይ ሆኜ ምነው በሞተልኝ እላለሁ።

አንድ ቀን አብተው፣ የጀግናው እናት አይተው ይባርኩት ብሎ አዴ ቡዜን ወደ ልምምዱ አመጣቸው። ከል ለብሰው፣ ከእጃቸው የማትለየውን ቀጭን በትር ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዩ። ሱሌማን ሞቶ ሞቶ ሲያበቃ ወደኔ ዞሩ።

«መመለሻውስ?» አሉኝ።

አይመለስም፣ በዚሁ ያልቃል አልኳቸው። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሄዶ ያልተመለሰ ተረት አይባልም፣ ልጄ። እሱ መርዶ ነው። መርዶውን ደግሞ አንዴ ነግራችሁኛል።»

ይህን ብለው ተነሱ። እኔ ተናደድኩ፣ እውነት ስለሆነ ነው የተናደድኩት። የራሴን ትምህርት ነው ያስተማሩኝ። ያን ምሽት ቤቴ ገብቼ እራቴንም በወጉ አልበላሁም፤ ግን የአብተውን ቃል የሚሽር አቅም ስላልነበረኝ ተውኔቱን እንዳለ ተውኩት።

ነሐሴ ገባ። አንድ ዝናብ ሲጥል የዋለበት ከሰዓት በኋላ አዴ ቡዜ ላኩብኝና ሄድኩ። ቤታቸው ከከተማው ዳር ነው፣ ከጓሮው የቦራ ጋጣ አለ። ተቀመጪ ሳይሉኝ እጄን ይዘው ወደ ጋጣው ወሰዱኝ። ክረምቱን ሙሉ ስጽፈው የሰነበትኩት ጀግና ጭድ ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥም ነበር።

ጮኼ ይሆናል፤ አዴ ቡዜ አፌን ያዙኝ። ኢተፋ ለመነሳት ሞከረ፣ አንድ እግሩ እሺ አላለውም፣ ተቀመጥ አልኩት።

«እትዬ የሺዓለም፣ ሞቼ ነበር አሉ» አለኝ፣ እንደሚያፍር ሰው።

ያኔ ነው ያለቀስኩት። በመጋቢት ካለቀስኩት ይብሳል፣ በዚያኛው ጊዜ እንኳ ድንኳን ነበረ፣ ሰው ነበረ፤ አሁን ግን ፈረሱ ብቻ እያየኝ ነው።

ታሪኩን ሲናገር አጭር ነው። ከባድ መሣሪያ አጠገቡ ወደቀ፣ ከዚያ አያስታውስም። ሲነቃ የግመል እረኞች ድንኳን ውስጥ ነው፤ እግሩን በቆዳ አስረውታል። ቋንቋቸው ከእሱ ኦሮምኛ ግማሽ ግማሹን ይገጥማል። እስኪቆም ከነሱ ጋር ሰነበተ፣ ከግመሎቻቸው ጋር ውኃ እያሳደደ ወደ አዋሽ ወረደ። ባቡር ፈራ፣ የሚፈትሹት ወታደሮች ናቸው። መተሐራ ሲደርስ አንድ አገዳ ቆራጭ አሳደረው፣ ከዚያ በጭነት መኪና ላይ ከሸራ ስር ተኝቶ ናዝሬት ገባ። ለምን ለጦሩ ሪፖርት አላደረግህም ብዬ ጠየቅሁት። በመንገድ ላይ ያገኛቸውን ነገረኝ። ከጦር ሜዳ ያለ ወረቀትና ያለ ጠመንጃ የመጣ ሰው ስሙ አንድ ነው፤ ከዳተኛ ነው። የሚጠየቀውም አንድ ጥያቄ ነው፣ ጠመንጃህን የት ጣልከው ነው። መልሱን ግን ቆሞ የሚሰማ የለም።

እኔም ዐውቀው ነበር። ከሞጆ በኩል አንድ እንዲሁ የመጣ ልጅ ወደ ቤቱ በገባ በሳምንቱ ተወስዶ ዳግም አልታየም። የደበቀውም ሰው ይጠየቃል። ስለዚህ በዚያች ጋጣ ውስጥ የኢተፋ ነፍስ ብቻ አልነበረችም፣ የናቱም ነበረች፣ አሁን ደግሞ የኔም ተጨመረች። ወደ ደራ ዘመድ ጋ ቢላክስ ስል፣ መንገዱ ሁሉ ኬላ ነው አሉኝ። አብተው ጋ ሄደን ብንነግረውስ ስል ራሴው ደነገጥኩ። ሞቷል ብሎ በድምፅ ማጉያ ያወጀው አብተው ነው። ኢተፋ በሕይወት ካለ አብተው ዋሽቷል ማለት ነው፤ ፈሪ ሰው ዋሽተሃል ከሚባል ሰው ቢሞት ይመርጣል፣ በተለይ የሚሞተው ሌላ ከሆነ።

በዚያ ሁሉ መሃል የተውኔት ጸሐፊነቴ አልለቅ አለኝና፣ ቆይ ይሄ ልጅ ይዞ የተመለሰው ምንድን ነው የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ጀግና ወርቅ ይዞ ይመለሳል፣ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል፤ ይሄኛው የሰጡትን ጠመንጃ እንኳ አልያዘም። አዴ ቡዜ ቀና ብለው አዩኝ።

«እግሩን ይዞልኝ መጣ» አሉ። «ሌላ ምን ይዞ ይምጣ?»

አፈርኩ። ቀጥለው፣ ያንን የጎደለውን መመለሻ አሁን ጻፊው አሉኝ። አብተው አይቀበልም አልኳቸው። ለአብተው ማን ይነግረዋል አሉ።

መጀመሪያ ዕብደት መሰለኝ። ሌሊቱን ሳገላብጠው ግን ሌላ በር አጣሁ። ኢተፋ ቢሮ ውስጥ፣ በአንድ ጠረጴዛና በሁለት ሰው ፊት ቢቀርብ ከዳተኛ ነው። ከተማው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ያውም ጀግና ተብሎ በተለቀሰለት ሰዓት ቢገባስ? የሚያጨበጭብለትን ሕዝብ አልፎ እጁን የሚይዘው ሰው ድፍረት ይፈልጋል። ችግሩ አብዮት ጥበቃዎቹ ናቸው። ከበሩ እስከ መድረኩ ሳይደርስ ሊያፍሱት ይችላሉ። ይህን ሳነሳ አዴ ቡዜ ያቺን ቀጭን በትር አነሱ።

ሲንቄ ትባላለች። አርሲ ውስጥ ሴት ልጅ ስትዳር ከናቷ ትቀበላታለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ አትለያትም። ከብት አይነዱባትም፣ ሰው አይመቱባትም። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሲንቄ የያዘች ሴት መሃላቸው ከቆመች ጠቡ ያን ጊዜ ያበቃል፤ እሷን አልፎ የሚሄድ ወንድ የለም፣ ካለም ከዚያ በኋላ ሰው መሃል አይቀመጥም። እኔ ይህን የሰማሁት በወሬ ነበር። አዴ ቡዜ ግን እንደ መድኃኒት አዋቂ እርግጠኛ ነበሩ። የደራ ዘመዶቼን እጠራለሁ፣ እናቶች ከነሲንቄያቸው ይመጣሉ አሉ። ለአብተው ምን እንበለው ስል፣ ያን ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ አሉኝ።

ዐወቅኩም። የአርሲ እናቶች በባህል ልብሳቸው ከፊት ወንበር ቢቀመጡ በዓሉን ያደምቁታል አልኩት። አብተው ደስታውን አልቻለውም። እንዲያውም ራሱ ሄዶ ሊጋብዛቸው ፈለገና አዴ ቡዜ ቤት ድረስ መጣ፣ እኔም ልቤ ተሰቅሎ ተከተልኩት። ዝናቡ መጣብን፣ ጓሮ ነበርንና ሮጠን የተጠለልነው ከጋጣው ውስጥ ነው። ኢተፋ ከጭዱ ስር አለ። አብተው ስለ አብዮቱና ስለ ሴቶች ተሳትፎ ሲናገር ቦራ አንገቱን እያዞረ ጭዱን ያሸታል፣ ያሸትና ያንኮራፋል። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ።

«ይሄ ፈረስ ልጁ ከሞተ ወዲህ አይበላም አልነበር? ተስማምቶታል እኮ» አለ አብተው።

አዴ ቡዜ፣ አሁን ጭዱ ጣመው አሉ። ዝናቡ አባራና ሄደ። እኔ ከዚያ ወጥቼ መንገድ ላይ ብቻዬን እንደ ሞኝ ሳቅሁ።

መስከረም ሁለት ደረሰ። ጠዋት ሰልፍ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ፣ መቀመጫ ያጣው በግድግዳው ጥግ ቆመ። ሻለቃ ወዬሳ ከፊት ተቀመጡ፣ ረጅም፣ ፊታቸው የማይነበብ ሰው። ከጎናቸው አብተው። በስተቀኝ አዴ ቡዜና የደራ ሴቶች፣ ሲንቄያቸውን እንደ ጦር ቀጥ አድርገው ይዘው። አብዮት ጥበቃዎቹ በየበሩ ቆመዋል። ዕቅዱን ለሱሌማን የነገርኩት በዚያው ቀን ጠዋት ነው፤ ከዚያ በፊት ብነግረው ጋራዡ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሰምቶ ሲያበቃ ፊቱ ነጣ፤ እሺ አለኝ። ዛሬ ቶሎ ሙት ስለው ግን ቅር አለው።

ተውኔቱ ተጀመረ። ጥሪው መጣ፣ ሱሌማን ጋሪውን በገዛ ፈቃዱ ጥሎ ዘመተ፣ ተፈተነ፣ ተተኮሰ፣ ወደቀ። እውነትም ቶሎ ሞተ፤ ያን ቀን ነው እንዴት ጥሩ ተዋናይ እንደሆነ ያየሁት። አብተው ተነስቶ፣ ለጀግናው ኢተፋ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ብሎ አወጀ። ሻለቃው ተነሱ፣ ሕዝቡ ተነሳ፣ አብዮት ጥበቃዎቹ እንደ ደንቡ ቀጥ ብለው ቆሙ። በኅሊና ጸሎት የሚናገር የለም፣ የሚንቀሳቀስ የለም፣ ይህን ያስተማረን አብተው ራሱ ነው። እኔ መጋረጃውን የምዘጋበትን ገመድ ሳልስብ ለቀቅሁት።

የኋላው በር ተከፈተ። መጀመሪያ የተሰማው የእግር ኮቴ ነው፤ አንዱ እግር ይረግጣል፣ ሌላው ይጎተታል። ሁሉም ይሰማል፣ ማንም አይዞርም፣ ጸሎት ላይ ነዋ። ኢተፋ በወንበሮቹ መሃል ከበሩ እስከ መድረኩ ድረስ የሞቱን ጸሎት እያቋረጠ መጣ፣ የሚያስቆመው አልነበረም። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ እርምጃውን እቆጥራለሁ። ፈራሁ፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

መድረኩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ብርሃኑ ፊቱ ላይ አረፈ፣ ከመሃል አንዲት ሴት ስሙን ጠራች። አዳራሹ ሁሉ ትንፋሹን ሳበ። ያኔ ሱሌማን ባንዲራውን ታቅፎ እንደተኛ ዓይኑን ገለጠ። ይህ በጽሑፉ የለም፣ እኔም አላልኩትም። ተነሳ፣ አቧራውን አራገፈ፣ የደፋውን የወታደር ቆብ አውልቆ ኢተፋ ራስ ላይ አደረገው።

«ቦታህን ጠብቄልህ ነበር። ተረከበኝ» አለው።

ሕዝቡ ይህ ከተውኔቱ ይሁን አይሁን አላወቀም። አብተው ግን ዐወቀ። ፊቱ አመድ መሰለ፣ ይህ ሰው ማነው፣ ያዙት እያለ አብዮት ጥበቃዎቹን ጠራ። እነሱ ሲንቀሳቀሱ አዴ ቡዜ ተነሱ፣ የደራ ሴቶችም ተነሱ፣ መድረኩ ስር ተደረደሩና ሲንቄያቸውን ከፊታቸው አቆሙ። አልጮኹም፣ አልተሳደቡም፣ ቆሙ ብቻ። አብዮት ጥበቃዎቹ ሲንቄዎቹ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ግማሾቹ የዚያው አገር ልጆች ናቸው። አብተው ቀጭን እንጨት ትፈራላችሁ ወይ ይላል፤ ከነሱ ትልቁ መሬት መሬት ያያል።

አሁን ሁሉም ዓይን ወደ ሻለቃ ወዬሳ ዞረ። ሻለቃው ቀስ ብለው ወደፊት መጡ። ሴቶቹ ጋ ሲደርሱ እሳቸውም ቆሙ፣ በአዴ ቡዜ ትከሻ ላይ አሻግረው ኢተፋን አዩት።

«ስምህ ማነው?»

«ኢተፋ፣ ጓድ ሻለቃ።»

«ጠመንጃህን የት ጣልከው?»

ያቺ ጥያቄ መጣች። በመንገዱ ሁሉ የፈራት፣ ጋጣ ውስጥ ሆኖ በሕልሙ የሚሰማት። እኔ መልስ አጥንቼለት ነበር፣ ጥሩ የጀግና መልስ፤ ከጓዴ መቃብር ላይ ተከልኩት የሚል። ኢተፋ ያንን አላለም።

«አላውቅም፣ ጓድ ሻለቃ። ስነቃ የፈለግሁት እግሬን ነበር።»

ማንም አልሳቀም። ሻለቃው የልጁን እግር አዩ፣ ከዚያ አዴ ቡዜ እጅ ላይ ያለችውን ሲንቄ አዩ፣ እሷ ላይ ቆዩ። በኦሮምኛ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሃርሜ፣ እናቴ ማለት ነው፣ ብለው አንድ ነገር አሏቸው። ቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁት፤ እናቴም አንድ ነበራት ነው ያሉት። ቀጥለው ቆባቸውን አስተካከሉና ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«የተነሳነው ለሞተ ሰው ነበር። አሁን መቀመጥ እንችላለን።»

ብለው ሄደው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላየሁትም፣ ዕንባዬ ከልክሎኛል። እልልታው ጣራውን አነቃነቀው። ሰው በወንበር ላይ እየተረማመደ ወደ መድረኩ መጣ፣ በመጋቢት ድንኳን ውስጥ ያለቀሱለት ሁሉ መጡ፣ ኢተፋን እንደ መስቀል ተሳለሙት። መጀመሪያ ያጨበጨበው አብተው ነበር። ፈሪ ፈጣን ነው። በማግሥቱ፣ ይህን መጨረሻ አስቀድሞ ያቀደው ቀበሌው እንደሆነ በድምፅ ማጉያ ሲያስነግር ሰማሁት፤ ደስ ይበለው አልኩ፣ ከሁሉም ይልቅ የሚጠብቀን ያ ውሸት ነበር።

ሻለቃው ሲወጡ አጠገቤ ቆም አሉ።

«መምህርት፣ መጨረሻውን ማን ጻፈው?»

እናቱ ናቸው አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ደግመሽ እንዳታቀርቢው አሉኝ። ፊታቸው አሁንም አይነበብም ነበር፣ ብቻ ጨብጠውኝ ሄዱ። በሳምንቱ ኢተፋ በጦር ሐኪሞች ታየ፤ ቆስሎ የተለየ ተብሎ፣ ለውትድርና አይሆንም ተብሎ ተሰናበተ። ቤቱ ገባ። በዚያን ቀን እኔም ቤቴ ሄጄ ሽሮዬን ከነትኩሱ በላሁ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ፣ በማግሥቱም ትምህርት ቤት አርፍጄ ደረስኩ።

አዴ ቡዜ ከላቸውን አወለቁ። የመርዶዋ ድንኳን ያችው እዚያው ቦታዋ ላይ ተተከለች፣ ያለቀሰ ሁሉ ተጠርቶ በላ። ከደራ የመጡት ሴቶች ሲዘፍኑ ዋሉ። እኔንም ከሲንቄዎቹ መሃል አስቀመጡኝ፤ አንዷ የኔ ሲንቄ የት እንዳለ ስትጠይቀኝ፣ በኛ ዘንድ የለም ስላት አዘነችልኝ።

ከጥቅምት በኋላ ኢተፋ ወደ ጋሪው ተመለሰ። ደንበኛው በዛ፤ ጀግናው ያድርሰኝ የሚል ሁሉ ይሳፈራል፣ ጦር ሜዳው እንዴት ነበር፣ ጠላት ምን ይመስላል እያለ ይጠይቀዋል። እሱ ግን ለሁሉም አንድ መልስ ነው ያለው፤ ሄድኩ፣ መጣሁ ይላል። ከዚያ ፈረሱን ማባበሉን ይቀጥላል።

እኔ ግን ጸሐፊ ነኝ፣ ተስፋ አልቆርጥም። አንድ ከሰዓት በኋላ ከገበያው ተሳፈርኩና፣ ዛሬስ መሃሉን ትነግረኛለህ አልኩት። ሄድኩ እና መጣሁ የሚሉትን ዐውቃቸዋለሁ፣ እኔ የምፈልገው በመሃላቸው ያለውን ነው፤ የግመል እረኞቹን፣ ውኃ ጥሙን፣ ያን ጊዜ ያሰብከውን። እሱ ልጓሙን ላላ አድርጎ ይነዳል። ቦራ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፣ ከእሱ የባሰ ቀርፋፋ አላየሁም። ሱቆቹን አለፍን፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ አየን፣ አንዲት ሴት በርበሬዋን ከፀሐይ ታነሳ ነበር። ኢተፋ ለቦራ አንድ ነገር አንሾካሾከለት፣ ጋሪው ቆመ። ቀና ስል በሬ ላይ ነን።

«እትዬ የሺዓለም፣ ደርሰናል» አለኝ። «ይውረዱ።»